ባዶ ሃይላንድ ለሚያውለበልቡልን

ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

ሰላም ለናንተ ይሁን። ይህን የምጽፈው ከከባድ መኪና ጋቢና ውስጥ ነው። የጅቡቲን መስመር መመላለስ ከጀመርኩ 19 ዓመት ሆነኝ። ጋዜጣችሁን ሞጆ ላይ እገዛለሁ፣ ጋላፊ ተራ ስጠብቅ ከዳር እስከ ዳር አነበዋለሁ፣ ከዚያ ለሌላ ሾፌር አቀብላለሁ።

ደብዳቤ ጽፌ አላውቅም። አሁን ያነሳሳኝ ከሁለት ሳምንት በፊት በዚሁ የአንባቢያን ገጽ የወጣው ደብዳቤ ነው። ጸሐፊው ቤተሰባቸውን ይዘው በራሳቸው መኪና ወደ ሰመራ ሄደው ነበር። አዋሽን ካለፉ በኋላ መንገድ ዳር ቆመው እጃቸውን የሚያወዛውዙ ወጣቶች አዩ። አልቆሙም። ሌላውም ሰው እንዳይቆም መከሩ። ግማሹ ሌባ ነው፣ ግማሹ የደላላ ሰው ነው፣ ዛሬ ከሰጠኸው ነገ አሥር ሆኖ ይመጣል ነው ነገሩ።

ሰውዬውን አልወቅሳቸውም። ልጆቹን ይዞ በማያውቀው አገር የሚሄድ አባት ቢፈራ ልክ ነው። እኔም እፈራለሁ። በዚህ ሥራ ላይ ስንት ነገር አይተናል፣ የቀበርናቸው የሥራ ባልደረቦችም አሉ። ግን እሳቸው አንዴ ያዩትን መንገድ እኔ በወር ሁለት ሦስቴ አየዋለሁ። እነዚያ ልጆች ሌባ ተብለው ጋዜጣ ላይ ሲወጡ ዝም ማለት አቃተኝ።

እነማን እንደሆኑ ልንገራችሁ። ከወሎ ነው የሚመጡት፣ ከአርሲ፣ ከጅማ፣ ከሐረርጌ፣ ከትግራይ። አብዛኞቹ ሃያ ዓመት አልሞላቸውም። ሐሳባቸው ሳዑዲ ነው። በአፋር አድርገው ጅቡቲ ይገባሉ፣ ከዚያ በአሳል ሐይቅ፣ በታጁራ አልፈው ኦቦክ ይደርሳሉ፣ ከኦቦክ በጀልባ ወደ የመን። የተወሰነውን ደላላ በመኪና ይወስዳቸዋል፣ ገንዘባቸው ሲያልቅ ወይ ደላላው ሲከዳቸው ደግሞ በእግር ነው። አስፋልቱን ተከትለው ይሄዳሉ። አሳል ሐይቅ ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር ነው፣ ዙሪያው ጨውና ጥቁር ድንጋይ ነው። እኔ በመኪና ሳልፍበት እንኳ መስኮቱን ስከፍት የምጣድ ወላፈን ነው የሚመታኝ። እነሱ በኮንጎ ጫማ ይሄዱበታል።

እጃቸውን የሚያወዛውዙት ደግሞ ገንዘብ ስጡን ለማለት አይደለም። በደንብ ላየው ሰው እጃቸው ላይ ባዶ ሃይላንድ አለ። ገልብጠው ያሳዩሃል፣ አንድ ጠብታ እንደሌለበት እንድታይ። «ውሃ» ይላል አንዱ፣ «ቢሻን» ይላል ሌላው፣ «ማይ» ይላል ሦስተኛው። ኦሮምኛም ትግርኛም አልችልም ነበር። ጥማትን ግን በሁለቱም ተምሬአለሁ።

ከሰባት ዓመት በፊት ሰኔ ላይ ሰርዶን አለፍ እንዳልኩ ሦስት ልጆች አየሁ። እኩለ ቀን ነው። ያኔ እዚያ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ነው፣ አስፋልቱ ይቀልጣል። ሁለቱ ቆመው ሃይላንዳቸውን ያውለበልባሉ፣ ትንሹ ተቀምጧል። እኔ ባዶ መኪና ይዤ ወደ ወደብ እየወረድኩ ነው፣ ማዳበሪያ የሚጫንበት ሰሞን ስለሆነ ተራ እንዳያመልጠኝ እጣደፋለሁ። ጋቢናዬ ውስጥ ውሃ ነበረኝ። ለራሴም ለረዳቴም ተርፎ የሚጠጣ ውሃ። እጄን አንስቼ «አይሆንም» አልኳቸውና አለፍኩ። በስፖኪዮ ሳይ ከቆሙት አንዱ ቁጭ አለ።

ያችን አቀማመጡን እስከ ዛሬ አልረሳሁም። የተናደደ ሰው እንደዚያ አይቀመጥም፣ ድንጋይ ያነሳል ወይ ይሳደባል። ይሄ ጉልበቱ ከዳው።

በሦስተኛው ቀን ጭኜ ስመለስ ቦታው ላይ ፍጥነት ቀንሼ ግራና ቀኝ አየሁ። ማንም የለም። አልፎላቸው ይሁን፣ ሌላ መኪና አጠጥቷቸው ይሁን፣ አላውቅም።

ነገሩ ውስጤ ሲብላላ ቆይቶ ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። ስግደት ያዙኛል፣ ጾም ያዙኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። ዝም ብለው አዳመጡኝና የበላዔ ሰብእን ታሪክ ያነሱልኝ ጀመር። የካቲት 16 ኪዳነ ምሕረት ሲነገር ከልጅነቴ ጀምሮ የሰማሁት ነው። ሰባ ስምንት ነፍስ የበላ ሰው፣ መንገድ ላይ የተጠማ ሕመምተኛ አግኝቶ፣ በእመቤታችን ስም ቢለምነው ጥርኝ ውሃ ሰጠው። በሚዛን ላይ ያች ጥርኝ ውሃ ናት የተገኘችለት። ታሪኩን ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ መንገድ ላይ እንደሆነ ግን ልብ ብዬ አላውቅም። ሰውዬው ቤተ ክርስቲያን አጸድ ውስጥ አልሰጠም፣ ማኅበር ላይ አልሰጠም። መንገደኛ ነበር፣ የራሱን ውሃ ይዞ የሚሄድ መንገደኛ።

ከዚያ ቀኖና ሰጡኝ። «ሁለት ጀሪካን ውሃ ጨምረህ ጫን» አሉኝ። እስከ መቼ አባ፣ አልኳቸው። «መሪ እስከያዝክ ድረስ።»

ይኸው ሰባት ዓመት ሆነኝ፣ ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ከጋቢናው ኋላ ታስሮ ይሄዳል።

ረዳቴ የኮምቦልቻ ልጅ ነው፣ ሙስሊም ነው። የበላዔ ሰብእን ታሪክ አንድ ሌሊት ሚሌ ቆመን ስነግረው ሳቅ ብሎ «እኛም ጋ አለች እኮ» አለኝ። የሱዋ ደግሞ ኃጢአተኛ የተባለች ሴት ናት፤ በውሃ ጥም ምላሱን አውጥቶ ጉድጓድ የሚዞር ውሻ አይታ፣ በጫማዋ ውሃ ቀድታ አጠጣችውና በዚያ ተማረች። ውሻ ነው እንግዲህ። ዘካ ከሚሰጣቸው ስምንት ዓይነት ሰዎች አንዱ መንገደኛ እንደሆነም የነገረኝ እሱ ነው። አገሩ ላይ ሀብታም ቢሆን እንኳ መንገድ ላይ ስንቁ ካለቀበት ድርሻ አለው አለኝ። ይሄ ነገር ገረመኝ። እኛ ለማኝ ስናይ መጀመሪያ የምንጠይቀው እውነት ድሃ ነው ወይ የሚለውን ነው። እዚህ ግን መንገድ ላይ መቅረቱ ብቻ ይበቃል፣ ምርመራ የለውም።

አፋሮቹንም ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። እነዚህን ልጆች ከማናችንም በላይ ያተረፉ እነሱ ናቸው። አፋር «ዳጉ» የሚባል ወግ አለው። ሁለት ሰው መንገድ ላይ ሲገናኝ ቆሞ፣ ወይ ቁጭ ብሎ ወሬ ይለዋወጣል። ከየት መጣህ፣ ምን አየህ፣ ዝናብ የት ዘነበ፣ ማን ታመመ፣ ማን ጠፋ። ማንም ማንንም ዝም ብሎ አያልፍም። አንድ የአፋር ሽማግሌ ልጆች ከጫካ ውስጥ ወድቀው እንደተገኙ በዳጉ ሰምተው በግመል ውሃ አድርሰውላቸው እንደነበር ሎግያ ላይ ሲያወሩ ሰምቻለሁ። ሽማግሌው ራሳቸው በዚያ ዓመት ድርቅ ከብት አልቆባቸዋል። እኛ ከአገር ምድሩ በተሻለ መንገድ፣ በአየር ማቀዝቀዣ የምናልፍ ሰዎች መስኮት መክፈት ሲከብደን ነው የሚያሳፍረኝ።

አሁን ወደ ደብዳቤው ልመለስ። ጸሐፊው ካነሱት ውስጥ ሁለቱ መልስ ይፈልጋሉ።

አንደኛው ሕግ ነው። ልክ ናቸው፣ ልጆቹን መጫን አይቻልም። ሰውን በሕገወጥ መንገድ ድንበር ማሻገር በአዋጅ ቁጥር 1178/2012 ከባድ ቅጣት ያለበት ወንጀል ነው፤ መኪናህም ይያዛል። እኔም አልጭንም። ለምነውኝ ያውቃሉ፣ አልቅሰውብኝ ያውቃሉ፣ አልጫንኩም። ወደ ጅቡቲ መጫን ማለት ወደ ጀልባው ማቅረብ ስለሆነ ሕጉ ባይኖርም አላደርገውም ነበር። ግን ውሃ መስጠት የትኛውም ሕግ ላይ ወንጀል ተብሎ አልተጻፈም። አንድ ኬላ ላይ ፖሊስ ጀሪካኖቹን አይቶ «ይሄ ሁሉ ውሃ ለምንድን ነው?» አለኝ። እውነቱን ነገርኩት። ትንሽ አሰበና «በዚያኛው ኩርባ አምስት ሆነው ተቀምጠዋል» ብሎ አሳየኝ።

ሁለተኛው፣ ውሃ ከሰጠናቸው ስደትን እናበረታታለን የሚለው ነው። በቅንነት ነው የምመልሰው፤ ከአርሲ የተነሳ ልጅ ሰርዶ ላይ አንድ ሾፌር ውሃ ይሰጠኛል ብሎ አልተነሳም። የተነሳው መሬት ስለሌለው ነው፣ አሥረኛ ጨርሶ ሥራ ስላጣ ነው፣ የጎረቤቱ ልጅ ከሪያድ ልኮ ቤት ቆርቆሮ ስላለበሰ ነው። ሞትን እያወቀ ነው የሚሄደው። በ2016 ዓ.ም. ከመጋቢት መጨረሻ እስከ ሚያዝያ አጋማሽ፣ በሁለት ሳምንት ልዩነት፣ ኦቦክ አጠገብ ጎዶሪያ ላይ ሁለት ጀልባ ሰጥሞ ስንት ልጅ አለቀ። በ2017 ሐምሌ መጨረሻም የመን፣ አብየን ዳርቻ ላይ ሌላ ጀልባ። ያ ሁሉ ሬሳ ያላስቆመውን ልጅ የኔ አንድ ሃይላንድ መከልከል ያስቆመዋል? አያስቆመውም። እዚያው አስፋልት ዳር ይገድለዋል እንጂ።

አንድ ጊዜ አንዱ፣ ምናልባት አሥራ ስድስት ዓመት ቢሆነው ነው፣ ውሃውን ጠጥቶ ሲያበቃ «ጋሼ፣ ስልክ ታስደውለኛለህ?» አለኝ። ቁጥሩን በቃሉ ያውቀዋል። እናቱ አነሳች። «እማ፣ ደህና ነኝ፣ ሥራ አግኝቻለሁ» አላት። እግሩ ተሰነጣጥቆ ደም እያየሁ ነው። ከዚያ ስልኩን ለኔ ሰጠኝ፣ አሠሪዬ ናቸው ብሏት። ምን ልበል? መዋሸት አልሆነልኝም፣ እውነቱን መናገርም አልሆነልኝም። «ልጅዎ አጠገቤ ነው፣ አሁን ውሃ ጠጥቷል» አልኳት። ጸጥ አለች። እናት ናት፣ ገብቷታል። «አደራ» አለችኝ። አንዲት ቃል ብቻ። ስልኩ ተዘጋ።

ተመለስ ብዬ ለመንኩት። ኦቦክ ላይ የዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት፣ አይኦኤም የሚሉት፣ ማዕከል እንዳለው፣ መመለስ የሚፈልገውን እንደሚያግዝ ነገርኩት፤ እዚያ ድረስ ሳትሄድ አሁኑኑ ብትመለስ ደግሞ ወደ ሞጆ የሚሄድ አውቶቡስ ከሎግያ አሳፍርሃለሁ አልኩት። አልሰማኝም። ዳቦውን በፌስታል አንጠልጥሎ ሄደ። አደራውን አልተወጣሁም። ግን ቢያንስ ያን ቀን በጥም አልሞተም፤ እናቱም ድምፁን ሰምታለች። ከአራት ወር በኋላ ደግሞ ሌላ ልጅ እሺ አለኝና በአውቶቡስ ተመለሰ። እሱ ለምን እሺ እንዳለ፣ ያኛው ለምን እንቢ እንዳለ አላውቅም።

ለሚፈሩ ሰዎች የማደርገውን ልንገራችሁ፣ ይጠቅማል። ሌሊት አልቆምም። ጥሻ ያለበት ኩርባ ላይ አልቆምም። ሜዳ ላይ፣ ወዲያና ወዲህ በሚታይበት ቦታ ነው የምቆመው፣ ሞተር አላጠፋም፣ ረዳቴ ነው የሚወርደው። ከኋላዬ የማውቀው ሾፌር ካለ መብራት ብልጭ አድርጌለት አብረን እንቆማለን። እየበረሩ ሃይላንድ መወርወር ግን ተዉ፤ ይፈነዳል፣ ልጆቹም ሊይዙት ሲሉ አስፋልት ውስጥ ይገባሉ፣ አንድ ልጅ በዚህ ሊሞት ሲል አይቻለሁ። ካልቆማችሁ ፍጥነት ቀንሳችሁ ዳር ላይ አስቀምጡላቸው።

በጣም የደረቀ ሰው ካገኛችሁ ደግሞ ውሃውን በአንድ ጊዜ እንዲጨልጠው አትፍቀዱለት፣ ያስመልሰዋል። በትንሽ በትንሹ ነው። ጤና ጣቢያ ያለች አንዲት ነርስ እንዳስተማረችኝ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው እንበጠብጣለን። ማንኪያው ልክ ሙሉ እንጂ ክምር እንዳይሆን ብላኛለች። አንዱ ጀሪካን ሁልጊዜ ንጹሕ ውሃ ነው፣ ስኳርና ጨዉን በፌስታል ቋጥረን እንይዛለን። ተምር ካለ ጥሩ ነው፣ አይበላሽም። ገንዘብ እኔ አልሰጥም፤ ከኪሳቸው ደላላው ነው የሚያወጣው። ይሄ የኔ አስተያየት ነው፣ ሌላ ሾፌር የተለየ ሊያስብ ይችላል።

መቆም ጨርሶ ለማይሆንለት ሰው፣ በተለይ ልጆች ይዞ ለሚሄድ፣ ሌላ ዘዴ አለ። ዲቾቶ ላይ ሻይ የምታፈላ አንዲት እናት አለች። ከአምስት ዓመት በፊት 200 ብር ሰጠኋትና «በእግር የሚመጣ ልጅ ካየሽ ሻይና ዳቦ ስጪልኝ፣ ካነሰሽ ስመለስ እጨምራለሁ» አልኳት። ስመለስ ብሩ አልቆ ከኪሷ ጨምራለች። ቆርቆሮዋ ላይ በከሰል ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ጭረት ትጭራለች። «ማንበብ አልችልም፣ ግን አላጭበረብርህም» አለችኝ። ማን ጠርጥሯት! ዛሬ ሰባት ሾፌር ነን የምናስቀምጥላት፣ አንዱ የሕዝብ አውቶቡስ ሾፌር ነው። ጭረቱ ሲበዛ በየወሩ ትደመስሰዋለች፣ ቆርቆሮው ግን ከሰል ጠጥቶ ጠቁሯል።

ይሄን ሐሳብ ከራሴ አላመነጨሁትም። ከኢያሪኮ መንገድ የመጣ ነው። ሳምራዊው ሁለት ዲናር ለእንግዳ ማረፊያው ባለቤት ሰጥቶ፣ ከዚህ በላይ ብታወጣ ስመለስ እከፍልሃለሁ ብሎ ሥራውን ቀጠለ። ጉዞውን አልሰረዘም፣ ንግዱን አልተወም። ስለ እነዚያ ስላለፉት ካህንና ሌዋዊ ሲሰበክ ክፉ ሰዎች ተደርገው ነው የሚሳሉት። እኔ ግን የሚገቡኝ ይመስለኛል። መንገዱ የወንበዴ መንገድ ነበር፣ ማስረጃው ደግሞ ፊታቸው ተዘርሯል። የወደቀውም ሰው ማታለያ ሊሆን ይችል ነበር። ፈርተው ነው ያለፉት፣ ልክ እንደኔ፣ ልክ እንደ ደብዳቤው ጸሐፊ። ሳምራዊውም የሄደው በዚያው መንገድ ነው፣ ወንበዴዎቹ ለሱ ብለው አልተነሱም።

አንድ ነገር ደግሞ ሁልጊዜ ይከነክነኛል። ያን ባሕር ከ1400 ዓመት በፊት መከራ የበዛባቸው የነቢዩ መሐመድ ተከታዮች ከዚያኛው ወገን ወደኛ ተሻግረውት ነበር። ንጉሡ አሳልፌ አልሰጥም ብሎ አስጠጋቸው። በዚህ ነገር ክርስቲያኑም ሙስሊሙም እንኮራለን፣ በየንግግሩ እናነሳዋለን። አሁን የኛ ልጆች ናቸው ያንኑ ባሕር ሊሻገሩ የሚሄዱት። ባሕሩ ዳር ሳይደርሱ፣ በገዛ አገራቸው አስፋልት ላይ፣ የገዛ አገራቸው ሰው መስኮቱን ዘግቶ ሲያልፋቸው ምን እንደሚሰማቸው አስባለሁ።

ስለዚህ ለደብዳቤው ጸሐፊ፤ ወንድሜ፣ እንዳልተቀየሙኝ ተስፋ አደርጋለሁ። በሚቀጥለው ወደ ሰመራ ሲወርዱ መኪናዎ ውስጥ አንድ ካርቶን ውሃ ይጨምሩ። መቆም ከፈሩ አይቁሙ። ሚሌ ወይ ሎግያ ላይ ካገኙት ሻይ ቤት ያስቀምጡት፣ «በእግር ለሚመጡት» ይበሉ፣ እነሱ ያውቃሉ። ልጆችዎ ከኋላ ወንበር ያያሉ፤ ለምን እንደሆነ ይጠይቅዎታል አንዱ፣ ይንገሩት።

የማደያ ባለቤቶችም ብትሰሙኝ፤ በዚያ መስመር ያሉ አንዳንድ ማደያዎች በረንዳቸው ላይ እንስራ ወይ በርሜል ውሃ ከኩባያ ጋር ያስቀምጣሉ። አንዳንዶቹ ግን ልጆቹን በዱላ ያባርራሉ። አንድ በርሜል ውሃ ምን ያህል ያከስራል?

አዘጋጁ ደብዳቤዬ ረዘመ ብለው እንዳይቆርጡት እለምናለሁ፣ ካስቸገረም የጨውና የስኳሩን ልክ ብቻ አይቁረጡት።

ሰኞ ጠዋት እወርዳለሁ። ረዳቴ ጀሪካኖቹን ዛሬ አጥቧቸው ጥላ ውስጥ ተደፍተዋል፤ የዲቾቶዋ እናት ደግሞ ስኳር አልቋል ብላ ትናንት በሚወጣ ሾፌር ልካብኛለች፣ አሁን ሞጆ ሱቅ ገብቼ አምስት ኪሎ ልገዛላት ነው።

አክባሪያችሁ፣
የጅቡቲ መስመር ሾፌር፣ ሞጆ